የመካነ ፀሐይ የጨው መሐላ

የሰውን ኃይል በጦርና በጋሻ፣ በፈረስና በሠራዊት ብቻ የሚለኩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ የዘመናትን ነገር በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ ከመምታት ይልቅ እምቢ ማለት፣ ከመዝረፍም ይልቅ አለመግዛት ግፈኛን ከመንበሩ ያወረደበት ጊዜ እንደ ነበረ ይገለጥለታል። ይሁን እንጂ ይህ ሰይፍ የሌለው ጦርነት ከሌላው ጦርነት ሁሉ የሚከፋበት አንድ ነገር አለው፤ ጦር ያነሣ ሰው ጠላቱን ከፊት ለፊቱ ያየዋል፤ እጁን ከገበያ የሰበሰበ ሰው ግን አስቀድሞ የሚዋጋው ከገዛ ሆዱና ከገዛ ጓዳው፣ አልፎም ከገዛ ሥጋ ዘመዱ ጋራ ነው፤ ድል ባደረገም ጊዜ ማንን እንደ ማረከና ማንን እንደ ገደለ የሚያውቀው ዘፈኑ ካበቃ በኋላ ነው።

መሳፍንቱ እያንዳንዳቸው በየግዛታቸው እንደ ንጉሥ በሚያዙበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ሰፊ ጉብታ ላይ የተቈረቈረች መካነ ፀሐይ የምትባል የገበያ ከተማ ነበረች። ከቆላው ዳርቻ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው በእርሷ ሳያልፍ ወደ ደጋው አይወጣም ነበርና፣ የሕዝቧ ኑሮ የቆመው በጨው ላይ ነበረ። ታላቅ ባለጠጋ ግን አልነበረባትም፤ ሁሉም በየመደቡ ተቀምጦ አሞሌውን እየሰበረ ለድኻውም ለጌታውም እንደየዐቅሙ የሚሸጥ፣ ደንበኛውን በስሙ የሚጠራ፣ የታመመበትንም የሚጠይቅ ትንሽ ነጋዴ ነበረ። ከእነዚህም መካከል ዘርዓ ብሩክ የሚባል፣ ቃሉ የታመነ፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ ለሸንጎም ለሽምግልናም የሚፈለግ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞታበት ልጅ ሳይወልድ ቀርቷል፤ ከዘመድ ሁሉ የተረፈችለት ታላቅ እህቱ ወይዘሮ አንጓች ብቻ ነበረች። እርሷም ባሏን ቀብራ፣ ታንጉት የምትባል አንዲት ልጇን ይዛ ከእርሱ አጥር ማዶ ትኖር ነበር፤ በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አጥር መተላለፊያ ተከፍቶለት ነበርና፣ ዘርዓ ብሩክ ምሳውንም ራቱንም የሚበላው ከእነርሱ ገበታ ላይ ነበረ።

በዚያ ወራት ፊታውራሪ ድልነሳሁ የሚባሉ ሰው አገሩን ተሾሙ። እኒህም ሹም መልካቸው ያማረ፣ ንግግራቸው የለዘበ፣ ነገር ግን የማይጠረቃ ስስት ያደረባቸው ነበሩና፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በነጋሪት አዋጅ አስነገሩ፤ ከቆላ የሚመጣው ጨው ሁሉ በግምጃ ቤታቸው እንዲገባ፣ ከግምጃ ቤታቸውም በቀር ማንም ጨው እንዳይሸጥ፣ የሚሸጥ ቢገኝ መደቡ እንዲፈርስ፣ እርሱም እንዲገረፍ አዘዙ። በማግስቱ ጭፍሮች በገበያው ገብተው መደቦቹን አፈረሱ፤ አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረው የመቀመጫ ድንጋይ ሳይቀር እየተነቀለ ለግምጃ ቤቱ መሠረት ተወሰደ። ያ ሁሉ በእጁ ሥራ ኮርቶ ይኖር የነበረ ነጋዴ ለሹሙ ሸክም ተሸካሚ ለመሆን ወይም ለመለመን ደረሰ፤ ጨዉም እንደ ሹሙ ፈቃድ እየተወደደ ሄደ።

አቤቱታው ሰሚ ባጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተሰበሰበ፤ ዘርዓ ብሩክም በመካከል ቆሞ እንዲህ አለ፤ «ወገኖቼ፥ ጦር ብናነሣ እኛ እናልቃለን እንጂ እነርሱ አያልቁም። ጨዉን የሰበሰቡት ግን ሊበሉት አይደለም፤ ሊሸጡልን ነው። የማንገዛ ከሆነ ምን ያደርጉታል? ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ግምጃ ቤት ጨው የገዛ ሰው እሳት አይጫርለት፤ ታሞ አይጠየቅ፤ ሞቶም አይቀበር።» ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይሁን!» አለ። የደብሩ አገልጋይ አባ ተክለ አልፋ ግን፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ፣ በለሆሳስ እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ለሕያዋን ሕግ አውጣ፤ ሙታንን ግን ለእግዚአብሔር ተውለት።» እርሱም አጎንብሶ መስቀላቸውን ከተሳለመ በኋላ «አባቴ፥ ቀዳዳ ያለው መሐላ ወንፊት ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሁሉም መስቀሉን እየነኩ ማሉ፤ ዘርዓ ብሩክም በቤቱ ደብቆት የነበረውን የመጨረሻ አሞሌ ሕዝብ እያየው ወደ ወንዝ ጣለው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወራት ምንኛ የመረረ እንደ ነበረ በቃል ለመግለጥ ያስቸግራል። ምግብ ሁሉ አንድ ጣዕም፣ ያውም የገለባ ጣዕም ሆነ፤ ከብቶቹ የቤቱን ግድግዳ ይልሱ ጀመር፤ አርሶ አደሩም በእርሻው መካከል ጉልበቱ እየከዳው ይቀመጥ ነበር። መደባቸው የፈረሰባቸው ነጋዴዎች በአጥራቸው ሥር ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጦስኝና ጤና አዳም እየሸጡ የወጡን ለዛ ለመመለስ ይታገሉ ነበር፤ የተቸገረውም ካልተቸገረው እየተበደረ፣ ያጣው ካገኘው እየተካፈለ፣ ከተማይቱ ከዚያ በፊት ባልታወቀ ፍቅርና አንድነት ተሳሰረች። በግምጃ ቤቱ ደጃፍ ሣር በቀለ። ላቀው የሚባለው የግምጃ ቤቱ ሹም ቀኑን ሙሉ በባዶ ደጅ ተቀምጦ ሲያዛጋ ያየ ሁሉ በልቡ ይኮራ ነበር።

በዚህ መካከል፣ ባሏ ዘምቶ የቀረባት ታንጉት ሴት ልጅ ወለደች። ምጡ ጸንቶባት ነበርና ደሟ ነጥፎ፣ ሰውነቷ ዝሎ ተኛች፤ እናቷ ያገነፋችላትን ገንፎ ወደ አፏ በቀረበ ቁጥር «እማዬ፥ አልወርድ አለኝ፤ ጨው የለውም» እያለች ፊቷን ታዞር ጀመር። ወይዘሮ አንጓች በመተላለፊያው አልፋ ወደ ወንድሟ መጣች።

«ዘርዓ፥ ልጄ እያለቀችብኝ ነው» አለችው። «ምላሷን የምታረጥብበት የጨው ቅንጣት ካለህ ስጠኝ።»

«የለኝም እትዬ። ወንዝ ስጥለው አይተሻል። ጥቂት ታገሺ፤ ሰውየው ሊሸነፍ ተቃርቧል።»

«እኔስ እታገሥ ነበር። የአራስ ሆድ ግን መሐላ አያውቅም።»

ይህን ብላ ወጣች። በማግስቱም የገበያ ቀን ነበረ፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ሕዝብም እንደ አሸዋ ተሰብስቦ ሳለ፣ ወይዘሮ አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳትመለከት፣ በግምጃ ቤቱ በፊተኛው በር ገባች፤ አንድ አሞሌም ገዝታ፣ በነጠላዋ ሳትሸፍነው፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ታቅፋ በገበያው መካከል ተመለሰች። ሕዝቡ ወደ ኋላ እያፈገፈገ መንገድ ለቀቀላት።

በዚያው ቀን ሽማግሎች ተቀመጡ። ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉት አዛውንት ዘርዓ ብሩክን በርኅራኄ ተመልክተው «ልጄ፥ እህትህ ናት፤ አራስም ይዛለች። ለዚህ አንድ ጊዜ ዓይናችንን እንጨፍን» አሉት። የሸንጎው ሰው ሁሉ የእርሱን አፍ ይጠብቅ ነበር፤ «ይሁን» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣው ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር። እርሱ ግን «የሌላ ሰው እህት ብትሆን ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ የእኔ ስለ ሆነች ግን አይቻለኝም። ዛሬ ለሥጋዬ ያደላሁ እንደ ሆነ ነገ ሁሉም ለሥጋው ያደላል፤ መሐላውም ያበቃለታል» አለ። ውግዘቱንም በእህቱና በቤቷ ሁሉ ላይ በገዛ አፉ አወጀ፤ በዚያው ምሽት የአጥሩን መተላለፊያ በእሾህ ዘጋው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው ጨካኝ ነው ብለህ አትፍረድበት፤ እሾሁን ሲጎትት እጁ እየደማ እንዳልተሰማው ያዩት ሰዎች መስክረዋል።

ጨዉ የመጣው ከጊዜው ዘግይቶ ነበረ። ታንጉት ጥቂት ቀን ገንፎዋን በልታ፣ ፊቷም ጥቂት ፈክቶ፣ ወዲያው ትኩሳት ያዛትና ሕፃኗን ታቅፋ ሞተች። ወይዘሮ አንጓች በደጇ ቆማ ጮኸች፤ በዚያች ከተማ አንድ ሰው ሲጮኽ መንደሩ ሁሉ እየጮኸ መሮጥ ልማዱ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን የመለሰላት የገደሉ ማሚቶ ብቻ ነበረ። ጎረቤቶቿ በየበራቸው ስንጥቅ እያዩ ያለቅሱ ነበር፤ ማንም ግን አልወጣም። አባ ተክለ አልፋ ብቻቸውን መጥተው ፍትሐት ደገሙላት፤ ሬሳውንም ከወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ሰፍረው የነበሩ፣ የሟቿን ስም እንኳ የማያውቁ መንገደኞች ነጋዴዎች ተሸከሙላት። ዘርዓ ብሩክ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ የእህቱን ልቅሶ ይሰማ ነበር። በልጅነቱ በጀርባዋ ያዘለችውን፣ ያሳደገችውን እህቱን፣ ያችንም «አጎቴ» እያለች ውኃ የምታስታጥበውን ልጅ እያሰበ፣ እግሩ ወደ መተላለፊያው ሄደ፤ እሾሁን ሊያነሣ እጁን ሰደደ፤ ከዚያም መንደሩ ሁሉ እርሱን እየተመለከተ መሆኑን ዐስቦ እጁን መለሰ። ልቅሶው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ክረምቱ በገባ ጊዜ፣ በግምጃ ቤቱ የተከመረው ጨው እርጥበት እየጠጣ ቀለጠ፤ ነጭ ውኃ ሆኖም በበሩ ሥር እየፈሰሰ ወጣ። ፊታውራሪ ድልነሳሁ ለበላያቸው መስፍን ሊያገቡ ቃል የገቡትን ግብር ማግባት ተሳናቸው፤ ተሻሩም። አዋጁ በአዋጅ ተሻረ፤ መደቦቹም እንደ ገና ተሠሩ፤ በመካነ ፀሐይም እንደዚያ ያለ ደስታ ታይቶ አይታወቅም። ዘርዓ ብሩክን በትከሻቸው ተሸክመው «የጨው አባት» እያሉ ዘፈኑለት። እርሱም በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል አንዲትን ፊት ይፈልግ ነበር፤ አላገኛትም።

ላቀው የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረክቦ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በቅሎውን በዘርዓ ብሩክ መደብ ፊት አቆመ። እንዲህም አለ፤ «አቶ ዘርዓ ብሩክ፥ ጌታዬ በእናንተ ተሸነፉ፤ እኔም ጠላትዎ ነበርኩና ሊጠሉኝ ይገባዎታል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብሄድ ይከብደኛል። የግምጃ ቤቱ የኋላ በር አንድም ቀን ሣር አልበቀለበትም። ከዚህ ከተማ ሰው አብዛኛው ገረዱን ወይም አሽከሩን እየላከ፣ ራሱም ተሸፋፍኖ እየመጣ፣ ጥቂት ጥቂት ይወስድ ነበር። በፊተኛው በር የመጣች ሴት አንዲት ብቻ ናት።» ይህን ተናግሮ በቅሎውን ኮለኮለና ሄደ።

ዘርዓ ብሩክ መደቡን እንደ ተከፈተ ትቶ ወደ ባላምባራስ ይርዳው ቤት ገሠገሠ። «እውነት ነውን?» አላቸው። «እርስዎስ?» ሽማግሌውም «ዘርዓ፥ ሰው ነን፤ በላን» አሉ። «ግን ተደብቀን በላን፤ ተደብቀን ስለ በላንም መሐላው ቆመ። ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም ጎረቤቱ የጸና እየመሰለው በቀን ጸና። አንጓች ግን በፀሐይ ወጣች። እኔ ዓይናችንን እንጨፍን ያልኩህ የራሴን ገበና ስለማውቅ ነበረ።» ዘርዓ ብሩክ ሊቈጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት ሰው አጣ፤ ሁሉም በድለዋልና፣ ከሁሉም ይልቅ ግን መሐላውን ያላፈረሰው እርሱ በድሏልና።

ከዚያ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ሕፃኗን አዝላ በደጇ ጥጥ ስትፈትል አገኛት፤ ብድግ ብላ ከአንገቷ ዝቅ አለች። «ደኅና ዋሉ ጌታዬ? ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለችው። ከእናታቸው ጡት ጀምሮ «አንተ» ስትለው የኖረች እህቱ «አንቱ» ብላው ነበርና፣ ዘርዓ ብሩክ ባለበት ደርቆ ቆመ።

«እትዬ፥ እኔ ነኝ እኮ።»

«ዐወቅሁዎ። የአገሩን ነፃነት ያመጡ ሰው ነዎት፤ ማን የማያውቅዎ አለ?»

ከእግሯ ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመናት። እጁን ይዛ አነሣችው፤ «እግዚአብሔር ይፍታዎ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ፤ ቂም አልያዝኩም» አለችው፤ ድምፅዋም እውነተኛ ነበረ። «የታንጉትን መቃብር አሳዪኝ» ሲላት ግን ፊቷን ወደ እንዝርቷ መለሰች። «የተሸከሟትን ይጠይቁ» አለችው።

በኋላ አባ ተክለ አልፋ ይዘውት ሄደው፣ በቅጽሩ ዳር ሣር የወረሰው ስፍራ አሳዩት። ከዚያች ዕለት በኋላ ዘርዓ ብሩክ ብዙ ዘመን ኖረ፤ መደቡም ከመደብ ሁሉ የተወደደ ሆነ፤ በየድግሱ የክብር ወንበር ይቀርብለት፣ በየሸንጎው ቃሉ ይሰማለት ነበር። እሾሁን ከመተላለፊያው አንሥቶ ነበር፤ ማንም ግን አልተላለፈበትም። ምሽት በሆነ ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ፣ በሚገባ ጨው የገባበትን እራቱን ያላምጥ ነበር፤ ጣዕሙ ግን አይሰማውም ነበር ይባላል። ለዳኝነት ወደ እርሱ የመጡትንም ሁሉ ይህን ቃል ሳይነግር አያሰናብትም ነበር፤ በአንድ ልብ እምቢ የሚል ሕዝብ ብፁዕ ነው፤ ምሕረት የሌለበት መሐላ ግን ግፈኛውን ካባረረ በኋላ በባዶ ወንበሩ ላይ ራሱ ይቀመጥበታል።