ሳኖ የተባለው አጎቴ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ሃያ ስድስት ዓመት በጭነት መርከብ ላይ በመካኒክነት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ እኛ ቤት ገባ። አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረ በኋላም መርከቡ አልለቀቀውም። የአልጋውን እግሮች ከግድግዳው ጋር በገመድ አሰረ። ብርጭቆው እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጠዋል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከሶፋው ብድግ ብሎ የቁም ሳጥኑን በር በጀርባው ይደግፋል።

«ወንድምሽን ነካ ያደርገዋል» ይላታል አባቴ እናቴን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሕንጻው ነዋሪም ይህንኑ ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አጎቴ የሰማው ከሁሉም ኋላ ነው። ሲሰማ ግን አልተቆጣም። ከሥራ ሲሰናበት የመርከቡ ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት ከሻንጣው አወጣ። ወረቀቱ በስፓኒሽ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ በትልልቁ «ሳኖ» የሚል አንድ ቃል አለበት። አጎቴ በስፓኒሽ የሚያውቀው የመፍቻና የቡሎን ስም ብቻ ስለሆነ፣ ታች ፎቅ ለሚኖሩት የእንግሊዝኛ መምህር ወሰደላቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄማ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው» አሉ። «ሴን ማለት ነው። ያላበደ፣ አእምሮው የተሟላ።»

አጎቴ ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሞ ሳሎን ሰቀለው። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ በክርክር ረትቶት አያውቅም። ስለ ቴሌቪዥኑ ድምፅም ይሁን ስለ መስኮቱ መከፈት፣ አጎቴ ዝግ ብሎ ወደ ግድግዳው ይጠቁማል።

«እኔ ማስረጃ አለኝ። አንተስ?»

አባቴ ማስረጃ የለውም። ሦስት ሳምንት ታገሠና ክሊኒክ ሄዶ፣ እንዳላበደ የሚገልጽ ወረቀት እንዲጻፍለት ጠየቀ።

«ማን ነው አብደዋል ያለዎት?» አለችው ሐኪሟ።

«ማንም አላለኝም።»

«ታዲያ ለምን ፈለጉት?»

«አማቼ ወረቀት አለው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ፣ ብቻውን ሲሆን ድምፅ ይሰማው እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ ወረቀት ሊያመጣ ሄዶ ኪኒን ይዞ ተመለሰ። የኪኒኑ ወሬ በደረጃው ወርዶ ጎረቤት ሲደርስ፣ አባቴም ለየለት ተባለ።

በዚያው ሰሞን የሕንጻው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ቤት ቀይሮ ሄደ። በምትኩ ማን ይመረጥ ሲባል፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ተነሱ። «እንግዲህ ከመካከላችን ጤነኛ መሆኑ በወረቀት የተረጋገጠለት አንድ ሰው ነው» አሉ። የሚከራከራቸው ጠፋ።

የአጎቴ የመጀመሪያ ትእዛዝ የሁሉም ቤት ቁም ሳጥን በገመድ እንዲታሰር ነበር። ሁለተኛው አራት ዓመት የቆመው አሳንሰር እንዲጠገን ነው፤ እሱንም ራሱ እስከ ክርኑ ግራሶ ተቀብቶ በስድስት ቀን አስነሳው። ሰዉ በአንድ እጁ ገመድ፣ በሌላው አስቤዛ ይዞ በአሳንሰር መውጣት ጀመረ።

እኔ የምሠራው የወለል ሴራሚክ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት አዲስ ጭነት ስንረከብ፣ ካርቶኖቹ ላይ «ሳኖ» የሚል ማኅተም አየሁ። ግራ ገባኝ። ሴራሚክ ምን ሆኖ ያብዳል? ከላኪዎቹ ጋር የመጣችውን አስተርጓሚ ጠየቅኋት።

«ያልተሰበረ፣ ያልተሰነጠቀ ማለት ነው» አለችኝ። «ለምግብ ሲሆን ለሰውነት የሚስማማ። ለጨዋታ ሲሆን ተንኮል የሌለበት። ለሰው ሲሆን ደግሞ ጤነኛ።»

«ያላበደ ማለትስ አይደለም?»

«እሱ ሌላ ቃል አለው። ይሄ የሳንባውን፣ የኩላሊቱን ነገር ነው።»

ከሥራ ስመለስ አጎቴ የአሳንሰሩን በር ዘይት ሲቀባ አገኘሁት።

«አጎቴ፣ ያ ወረቀት እብድ አይደለም አይልም። ጤነኛ ነው ነው የሚለው።»

«እብድ ሰው ጤነኛ ይባላል?»

«አይባልም።»

«ታዲያስ?»

«አይ፣ ጤነኛ ስልህ ሌላ ጤነኛ ነው።»

«ከጤነኛ ሌላ ምን ጤነኛ አለ?»

ላስረዳው ብል ቃል አጠረኝ። በእኛ ቋንቋ ሳንባው ደህና የሆነውም፣ ጭንቅላቱ ደህና የሆነውም ያው ጤነኛ ነው። ሲጨንቀኝ የካርቶኑን ነገር አነሳሁበት፤ ያልተሰበረ ማለት ነው አልኩት።

እዚህ ላይ ፊቱ ተለወጠ። የዘይቱን ቆርቆሮ መሬት አስቀመጠ።

«እንግዲያው ሐኪሙ ተሳስቷል» አለ። «ያን ወረቀት ሲጽፍልኝ ሁለት የጎድን አጥንቴ ተሰብሮ ነበር። ከመሰላል ወድቄ። የመጨረሻውን ወር ተኝቼ እንዳላሳልፍ ብዬ ሕመሟን ዋጥ አድርጌያት ነው እንጂ።»

እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በመስታወት ያስገጠመውን ወረቀት በብብቱ ይዞ ቆመ። «የጎድን አጥንቴ ተሰብሮ ስለነበር ሊቀ መንበርነቱን ለቅቄያለሁ» አለ። አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው የገባው ስላልነበረ፣ እኔ ተነስቼ አስተርጓሚዋ ያለችኝን አንድ በአንድ ተናገርኩ። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ከአራቱ ትርጉም የትኛው ነው የማይሆነው?» ብለው ጠየቁት ልብስ ሰፊዋ።

«ያልተሰበረው።»

«ሌሎቹስ?»

አጎቴ በቁም ነገር አሰበበት። «ሳንባዬ ደህና ነው። ተንኮልም የለብኝም። ለምግብነት ግን እንጃ።»

«ከአራቱ ሁለቱ ካለው ይበቃል» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «እኛ አንዱም የለን።»

በሊቀ መንበርነቱ እንዲቀጥል እጅ ወጣ። በመጨረሻ የአባቴም ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አጎቴን፣ «አሁንስ ያምሃል?» አለው።

«ክረምት ሲገባ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ጭንቅላቴን እንጂ ጎኔን መች ጠየቃችሁኝ?»

ቤት እንደገባን አባቴ ሶፋው ላይ አስቀመጠውና ጎኑ ስር ትራስ ደገፍ አደረገለት፤ እናቴ ሳትጠይቀው እራት ሊያሞቅ ወደ ማድ ቤት ገባ።