በየትኛው እጇ ታጨብጭብ

ያን ቀን ያጨበጨብሁት ፈቅጄ ነው ወይስ ፈርቼ? ይኸው አርባ ዓመት አለፈ፣ መልሱን አላገኘሁትም።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጄ ልጅ ሜሮን ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የአገሩን ሕግ ተመራጮች ብቻ ያውጡት ወይስ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ይስጥበት የሚል ክርክር በትምህርት ቤታቸው ለነገ ይዘዋል፤ የሷ ወገን ሕዝቡ ይወስን ባይ ነው። እኔና ጎረቤቴ ለተ ብርሃን ጥጥ እየፈተልን፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ወረቀቷን ታነብልናለች።

እኔ ደስ አላለኝም። ዛሬ የተናገርሽውን ነገ ማን እንደሚይዝብሽ አታውቂም፣ ዝም ብለሽ ተማሪ አልኋት። ሳቀች። "እማማ፣ አንቺ እኮ ዶሮ ቀና ብላ ብታይሽ ልትከሰኝ ነው ትያለሽ።"

ለተ ብርሃን ወደሷ አደላች። "ተያት እንጂ፣ እውነቷን ነው። ያኔ ሕዝቡን ደህና አድርገው ቢጠይቁት አርአያ ይሄድ ነበር?"

አርአያ ባሏ ነው። ከአላማጣ ወዲያ የመጣ ጨው ነጋዴ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መሬት የሌለው ወደ ሰፈራ ይሂድ ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዋርካው ሥር ሰብስቦን ስም እየጠራ በጭብጨባ ይጽደቅ ይላል፤ ያኔ ሁሉም ነገር የሚያልቀው በጭብጨባ ነው። አርአያ ቀድሞ ይሂድ፣ ሚስቱ ትከተላለች ተባለ። ተጨበጨበ። መኪናው ላይ ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም አልመጣ። ዛሬም ማሽላው ሲያሸት፣ ወፍ ጠባቂዎቹ ጅራፍ ባጮኹ ቁጥር የሚሰማኝ ያ ጭብጨባ ነው።

ለተ ብርሃን ለሜሮን ቀጠለችላት። "ከዚያ ሁሉ ሰው ያላጨበጨበች አያትሽ ናት። ዞር ብዬ አይቻታለሁ፣ አባትሽን ታቅፋ ነበር። በየትኛው እጇ ታጨብጭብ?"

ይህን ስትል ስንት ዘመኗ ነው። አንድም ቀን አላረምኋት።

ሜሮን ብዕሯን አወጣች። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የአያቴን ስም እጠራለሁ፣ ያላጨበጨበችው ሴት ብዬ፣ አለች።

"አትጻፊው" አልኋት። "እኔም አጨብጭቤያለሁ።"

"አባዬን ታቅፈሽ አልነበር እንዴ?"

"መሬት አስቀምጬው ነው።"

ሜሮን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታጽናናኝ ጀመር። ሊቀመንበሩ እያየሽ ነው እኮ፣ እሱ ድምፅ መስጠት አይባልም፤ ብቻሽን መጋረጃ ውስጥ ገብተሽ ቢሆን እምቢ ትይ ነበር አለችኝ። እኔ እንጃ። የሄደው ሰው የእርዳታ ስንዴ ድርሻ ለቀረው ይታደል ነበር፤ ልጄም ርቦት ያለቅስ ነበር። መጋረጃው ውስጥስ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር ማን ያውቃል?

የለተ ብርሃን እንዝርት መሽከርከሩን አቁሟል።

"ለተ" አልኋት።

ጭኗ ላይ ያለውን ጥጥ ለቃቀመች። ነጠላዋን አጣፋች። ሁልጊዜ ለነገ ብላ እኔ ዘንድ የምትተወውን እንዝርት አንሥታ፣ በሜሮን ጎን አልፋ ወጣች።