እርሳሱ የት ገባ?

አጎቴ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየፈታ ይጠግናል። ያጠበበት ውኃ እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት ይዞ በቦይ ወርዶ በጎረቤታችን በእትዬ ግቢ ያልፋል፤ ላማቸውም ከዚያው ትጠጣለች። እትዬ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው፣ «ይሄ ውኃ ካልጠራ ቦዩን በድንጋይ እደፍነዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ባትሪህን በምራቅህ እጠበው!» አሉት። ቦዩ ተደፈነ ማለት እንጀራችን ተዘጋ ማለት ነው።

እምቦጭ በሥሩ እርሳስ እንደሚስብ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሰምቼ ነበር። ሰው ሁሉ የሚረግመውን አረም ከኩሬ አውጥቼ ውኃ በሞሉ በርሜሎች ላይ አንሳፈፍኩትና እጣቢው በእነሱ በኩል እንዲያልፍ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትቼ የምውለው እዚያው ነው፤ ጢም የመሰለው ሥር ሲጠቁር አፍጥጬ እያየሁ።

ውኃውን እንዲያይልን የጠራነው መርማሪ ናሙና ወስዶ ሲመለስ ፊቱ ፈክቷል። «እርሳሱ በጣም ቀንሷል» አለን።

«የት ገባ ግን?» አልኩት አጎቴን።

«ሄደልህ! ምነው፣ ልትሸኘው ፈልገህ ነበር?»

«እርሳስ እኮ እንደ ጉም አይተንም።»

«አንተ ፈላስፋ፣ ሂድና ባትሪ እጠብ!»

በማግስቱ በርሜሎቹ ላይ አንድ ቅጠል የለም።

«ውኃው ጠራ አይደል? እምቦጩን ለላማቸው መኖ ይሁን ብዬ ለእትዬ ሰጠኋቸው» አለ አጎቴ ደረቱን ነፍቶ። «እንዲህ ያለ ለምለም ነገር ይጣላል እንዴ?»

እርሳሱ የት እንዳለ ያን ጊዜ ታየኝ። አጥሩን ዘልዬ ስገባ ላሚቱ አንገቷን ወደ ክምሩ ሰዳለች። ሄጄ ላዩ ላይ ተደፋሁበት። ጆሮዬን ላሰችኝ።

«ኧረ በሕግ! ከላም መኖ የሚሻማ ጎረምሳ ደግሞ መጣብኝ!» አሉ እትዬ ከደጃፋቸው።

«እትዬ፣ እርሳሱ እዚህ ውስጥ ነው! በልታለች?»

«አሁን ማቅረቤ ነው፤ ገና አሽታ...» ፊታቸው ተለዋወጠ። ዞር ብለው አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን አጎቴን አዩት። «ከቦዩ አውጥተህ በሸክም ላክልኝ?»

«እናቴን! አላወቅኩም» አለ አጎቴ።

እትዬ አንድ ቅጠል አንስተው ወደ ፀሐይ ገለባበጡት። «ምንም አይመስልም እኮ። ታዲያ አሁን የት ሊከተት ነው?»

«እንጃ። ቅጠሉ ይደርቃል እንጂ እርሳሱ አይጠፋም።»

ቅጠሉን ቀስ ብለው ክምሩ ላይ መለሱት። «እውነቱን ስለነገርከኝ ቦዩን አልደፍንም። ይሄ ጉድ ግን እናንተው ዘንድ ይቀመጥ። በአጎትህ አልጋ ሥርም ቢሆን!»

አልጋ ሥር አልገባም። ክዳኑ በተጠረቀመ በርሜል ውስጥ ሆኖ የወርክሾፑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ መርማሪው የሚወሰድበትን ቦታ እያጠያየቀልን ነው። በእጣቢው በርሜሎች ላይ ደግሞ አዲስ እምቦጭ ተክቻለሁ። በበርሜሉ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እርሳሱን «አለህ?» የምለው ይመስል ቆርቆሮውን በጣቴ አንኳኳለሁ፤ አጎቴ ይስቅብኛል።

ትናንት ግን ዞር ያልኩ መስሎት እሱም ሲያንኳኳ አየሁት። ጆሮውን አስጠግቶ ነበር።