ጫፍ ላይ የቀሩት ማንጎዎች

ሉሊት ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው ሌሊቱን የወደቁትን ማንጎዎች መልቀም ነው። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለሆነ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ርጥብ ነው። የተሰነጠቁትን ለጎረቤት በግ ትለያለች። ደህናዎቹን በባልዲ ታጥባለች፤ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣም ሁለቱን ልጣ ትበላለች፤ ከዚያ ዳቦና ሻይ። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ የቤት አያያዝ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ተማሪዎቿን «ወቅቱ የሰጣችሁን ፍሬ ብሉ፤ ፍሬ የልጅ መጫወቻ አይደለም» ትላለች፤ የምትለውንም ታደርጋለች።

ዛፉን እሷና ባለቤቷ አበጋዝ አልተከሉትም፤ ሲቀላ ሰፈር ያለውን የቀበሌ ቤት ሲከራዩ ቆሞ ነው ያገኙት። የታችኛውን ፍሬ እሷ በሸንበቆ ታወርድ ነበር፤ ጫፉ ድረስ የሚወጣው አበጋዝ ነው። አበጋዝ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ ባለፈው ዓመት መርዶው መጣ። ከዚያ ወዲህ የጫፉን ማንጎ ማንም አልነካውም። «ላውርድልሽ» ያላትን ሁሉ «ለወፎቹ ይሁን» ብላ መልሳለች።

በግቢው ሌላኛው ቤት ሸማኔው ዳልጮ፣ ሚስቱ ወርቂቱና የሰባት ዓመት ልጃቸው አበቡ ይኖራሉ። ከዶርዜ ወደ ቆላው ከወረዱ ዓመት አልሞላቸውም። ወርቂቱ ሉሊትን በረንዳ ላይ ባየቻት ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች።

«እትዬ ሉሊት፣ ዛሬም ወባዎን እየበሉ ነው?»

«የዛሬው ደግሞ ማር ነው። ነይ ቅመሺ።»

«ጌታ ይጠብቀኝ። ደጋ ማንጎ የለም፤ ወባም የለም። እዚህ ማንጎ ሲበስል ሰዉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለማወቅ እንደ እርስዎ ዓለማያ ኮሌጅ ድረስ ሄዶ መማር አያስፈልግም።»

ዳልጮ ከሽመና ጉድጓዱ ሆኖ ይስቃል። የወርቂቱ ነገር ለሰሚው ልክ ይመስላል፤ ማንጎውና ወባው የሚመጡት በአንድ ሰሞን ነውና። ሉሊት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውኃው እንደሚያቁር፣ ካቆረው ውኃ ቢንቢ እንደሚፈላ፣ ማንጎውም በዚያው ሰሞን እንደሚበስል ስንቴ አስረድታታለች። «ታዲያ ቢንቢዋ ማንጎ ፍለጋ አይደል የምትመጣው?» ትላታለች ወርቂቱ።

አንድ ቀን ሲመሻሽ አበቡ ለአባቷ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም ልታቀብል ስትሮጥ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨች። ወደቀች፤ ተነሣችና ሁለት እጇን ዘርግታ ግድግዳውን መዳበስ ጀመረች። ሉሊት የያዘችውን አስቀምጣ ተነሣች።

«እንዲህ መዳበስ ከጀመረች ቆየች?»

«ሥራ ስትጠላ ነው» አለች ወርቂቱ። «ቀንማ የወደቀ መርፌ ታነሣለች።»

«ሥራ ጠልታ አይደለም፤ ዳፍንት ነው። ዝም ከተባለ ቀኑንም ይነጥቃታል።»

ደጋ ሳሉ ልጅቷ ጎመን ጠግባ ታድግ ነበር፤ እዚህ ከበቆሎ ቂጣ ሌላ ብዙም የላትም። ሉሊት በማግስቱ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ዳፍንት መሆኑን አረጋገጡላት፤ መድኃኒቱ ግን አልነበረም።

«እስኪመጣ አንጠብቅም» አለቻት ወርቂቱን። «ቢጫው ማንጎ ውስጥ መድኃኒቱ አለ። በየቀኑ ትብላ።»

«ዓይኗ ይዳን ብዬ በወባ ልግደላት?»

ሉሊት አልተቆጣችም። እናቷ ሳትፈቅድም ለአበቡ አንዲት ፍሬ አልሰጠቻትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በርጩማዋን ወርቂቱ ደጃፍ እያስጠጋች፣ ጠዋት ጠዋት እዚያው ፊቷ ትበላ ጀመር።

«በዚህ ወር ወባ ከያዘኝ አፌን እዘጋለሁ» አለቻት። «ካልያዘኝ አንቺ ትከፍቻለሽ።»

ሳምንት ሳይሞላ ወባ ያዘ። የያዘው ግን ወርቂቱን ነው። ሉሊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ስትንቀጠቀጥ አገኘቻት። ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ደሟ ታየ፤ ክሎሮኪን ተሰጣት።

ዳልጮ አልጋው አጠገብ ቆሞ አንዴ ሚስቱን አንዴ ሉሊትን ያያል። «እሳቸው በባልዲ እየበሉ፣ አንቺ አንዲት ሳትቀምሺ?»

«ሽታውም ይበቃል» አለች ወርቂቱ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ዳልጮ ሳቁን መያዝ አልቻለም። እሷም ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ስባ ቆየች፤ ስትገልጠው ዓይኗ ርሷል።

«እትዬ ሉሊት፣ ይስጧት። ግን ፊቴ ትብላ፤ ልያት።»

አበቡ በላች። ጭማቂው በክርኗ እየወረደ በላች፤ የውስጡንም ፍሬ እስኪነጣ መጠጠችው። በየቀኑ እየበላች ሰነበተችና ሲመሽ የበሩን ቦታ መለየት ጀመረች፤ መዳበሱ ግን ገና አልለቀቃትም። በዚህ መሀል የታችኛው ቅርንጫፍ ተራቆተ። ገበያም ላይ ማንጎ ጠፋ። የቀረው ዘግይቶ ያበበው፣ ጫፉ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ሉሊት ጠዋት ሸንበቆዋን ይዛ ከዛፉ ሥር ቆመች። አይደርስም፤ እንደማይደርስ ቀድሞም ታውቃለች። ዳልጮ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ወደ ላይ አየ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ መውጣት ይችላሉ?»

«ቀርከሃ ላይ ነው ያደግኩት። ግን ለወፎቹ ነው ብለው አልነበር?»

«ወፎቹ ዓይናቸው ደህና ነው።»

ወጣ። እሷና ወርቂቱ ጋቢ ዘርግተው ከሥር ያዙ። ዳልጮ ከቅጠሉ መሀል ተጣራ፦ «እዚህ ቅርጫት የሚወርድበት ገመድ ታስሯል። ማን ነው ያሰረው?»

ወርቂቱ ወደ ሉሊት ዞረች። ሉሊት ጋቢውን አጥብቃ ያዘች።

«ጥብቅ ከሆነ ይጠቀሙበት» አለች።

ጥብቅ ነበር። ጋቢውን አጥፈው አስቀመጡት፤ ማንጎው በቅርጫት እየሆነ በዚያ ገመድ ወረደ፤ አንድም አልተሰነጠቀ።

ኅዳር ላይ፣ ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ከገባች በኋላ፣ አበቡ ቀሰሙን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ መቃኑን ሳትነካ በበሩ መሀል አለፈች። ወርቂቱ በረንዳው ላይ ከሉሊት ጎን ተቀምጣ የመጨረሻውን ማንጎ ትበላ ነበር። «ቃጫው ጥርሴ ውስጥ ገባ» ብላ አማረረች፤ መብላቷን ግን አላቆመችም።

በማግስቱ ሉሊት እንደ ልማዷ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ከዛፉ ሥር የወደቀ ነገር አልነበረም። ወደ ላይ አየች፤ ጫፉ ላይ ቅጠልና ገመድ ብቻ ነው ያለው። ማንጎው አልቋል። አበጋዝም የለም።