የውጭው መስመር

ሰውየውን ሁሉም ዳክዬ ይለዋል። ሥራው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። በዓመት ስድስት እሁድ ግን አውቶቡሱን ለሌላ ተረኛ ይተውና፣ የእህቱ ባል ጋራዡ ውስጥ ጠጋግኖ ያቆማትን አሮጌ ቀይ መኪና ይዞ እሽቅድምድም ይገባል። ፀሐይ በወጣ ቀን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የመኪናዋ ሞተር ደካማ ስለሆነ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሁሉም ትቶት ይሄዳል። ዝናብ ሲጥል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሌላው ሹፌር እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ሲርበተበት፣ እሱ ውሃውን እየሰነጠቀ ይነጉዳል። ቅጽል ስሙንም ያገኘው በዚሁ ነው።

ችግሩ፣ ዝናብ አይታዘዝም። ሰባት ዓመት ሙሉ የውድድሩ እሁድ ሲደርስ ሰማዩ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሰኞ ጠዋት እሱ አውቶቡሱ ላይ ሲቀመጥ ዶፉ ይወርዳል። «ደመናውም ከመርፌ ጋር ተማክሯል» ይል ነበር፣ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን ከምሩ።

መርፌ ባላንጣው ነው። መኪናውን በጠባብ ቀዳዳ እንደ ክር ስለሚያሾልካት እንዲህ ተባለ። ድሮ አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው ሥራ የተማሩ፣ እጅና ጓንት የሆኑ ጓደኛሞች ነበሩ። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ካፊያ ቀን፣ ታች ያለው ኩርባ ውስጥ ጎን ለጎን ገብተው የዳክዬ መኪና አጥሩ ላይ ተለጠፈች። ዳክዬ «ገፋኝ» አለ። መርፌ «አልገፋሁትም» አለ። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። መርፌ ጥሩ መኪና አግኝቶ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደራርብ፣ ዳክዬ ከኋለኞቹ ጋር እየጨረሰ ቆሽቱ ሲያር ኖረ።

ታዲያ የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ቀን፣ መኪኖቹ ተሰልፈው ሳሉ፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የእህቱ ባል የዝናብ ጎማውን እያጠበቀ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያንተ ቀን ነው።»

«ዝም በል» አለ ዳክዬ ወደ ሰማይ እያየ። «እንዳይሰማህ።»

ሰማዩ አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ ግድ አልሰጠውም። ውድድሩ ሲጀመር ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርድ ነበር። ሃያ ዙር ነው። ዳክዬ ዘጠነኛ ሆኖ ተነሣ። ሌሎቹ በለመዱት መስመር፣ በኩርባው ውስጠኛ በኩል ሊያልፉ ሲሞክሩ፣ እሱ ሰፊውን የውጭ መስመር ይዞ በጎናቸው ይወጣል። በስድስተኛው ዙር አምስተኛ ነበር። በአስረኛው ዙር የጥርስ ሐኪሟን አለፋት። ይቺ ሐኪም ዘንድሮ ገና መወዳደር የጀመረች ወጣት ናት። ካለፋት ወዲህ በኋላ ማያ መስታወቱ ውስጥ የሁለት መብራቶች ብልጭታ ይታየው ነበር፤ ከቁብ አልቆጠረውም። ዓይኑ ፊቱ ነበር።

በአስራ አምስተኛው ዙር ሁለተኛ ሆነ። ከፊቱ የቀረው መርፌ ብቻ ነው። የእህቱ ባል መንገዱ ዳር ቆሞ በሰሌዳ የልዩነቱን ሴኮንድ ያሳየዋል፦ አስራ አንድ። ሰባት። አራት። ዳክዬ ሄልሜቱ ውስጥ ሳያውቀው ይስቅ ነበር። ለስንት ዓመት ያልሳቀው ሳቅ ነው።

በአስራ ዘጠነኛው ዙር ታች ኩርባው ላይ ደረሰበት። መርፌ ወደ ውስጥ ገባ፣ ዳክዬ ወደ ውጭ ወጣ። የመርፌ መኪና ትንሽ ስትወላገድ፣ ቀይዋ ማንም እንዳልነካት ሆና ወጣች። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ቀጥሎ አፍንጫዋ ቀደመ፤ ቀጥሎ ሙሉዋ ቀደመች። ዳክዬ «አገኘሁህ!» ብሎ ጮኸ።

ቀና ሲል፣ የዳኞቹ ማማ ላይ ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል። ውድድሩ ቆሟል።

ዋናው ዳኛ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ቢሯቸው የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው፣ በዝናቡ ድምፅ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነበር። ዳክዬ ግን ያለዚያም ይጮህ ነበር።

«አልፌው ነበር!»

«አይቼሃለሁ» አሉ ዳኛው።

«ካዩኝ ታዲያ?»

«ያየሁህ ባንዲራው ከወጣ በኋላ ነው። ደንቡ፣ ሁሉም ጨርሶት ከነበረው ዙር ይቆጠራል ይላል። አስራ ስምንተኛው መሆኑ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ መሪው መርፌ ነው።»

«አንድ ዙር ነበር የቀረን! አንዲት ዙር!»

«ስማ ልጄ። ታች ኩርባው ላይ መኪና ጎማ ክምሩን መትታ መንገድ መሐል ቆማለች። ውስጧ ሰው አለ። ከኋላዋ አስራ አንድ መኪና እየመጣ ነው፤ በርጭቱ የተነሣ አፍንጫቸውን እንኳ አያዩም።»

«እኔ እያየሁ ነበር የምነዳው!»

«አንተማ አየህ። እኔ ባንዲራ የማወጣው ለማያዩት ነው።»

ይህ የባሰ አበገነው። የቅሬታ ወረቀት አምጡልኝ አለና ጻፈ፤ ከእጅጌው የሚንጠባጠበው ውሃ ቀለሙን እያበላሸበት ሦስት ጊዜ ገለበጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ቅሬታው ተቀባይነት የለውም።» ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከቢሮው ሲወጣ መርፌ በር ላይ ቆሟል። «ጥሩ ነዳህ» አለው። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የነገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ዋንጫህን ይዘህ ሂድ» አለ ዳክዬ።

የእህቱ ባል መኪናዋን በገመድ እያሰረ ነበር። ዳክዬ የጎማ ሳጥኑን በእርግጫ አለው፤ አውራ ጣቱን አመመው።

«መንዳት ሳይችል ገብቶ ያስቆመብኝ ማን ነው?»

«የጥርስ ሐኪሟ። ትከሻዋ ተሰብሯል አሉ።» የእህቱ ባል ገመዱን ለቀቀና ትንሽ አመነታ። «ግን ጋሼ፣ መንዳት አትችልም አትበል። ከአስረኛው ዙር ጀምሮ ካንተ ኋላ አልተላቀቀችም። ሦስተኛ ሆና ነበር እኮ። አንተ የረገጥከውን እየረገጠች።»

ዳክዬ እዚያው ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። ያ የመስታወቱ ብልጭታ ትዝ አለው። ድሉን የነጠቀችው ሴት የመጣችው በእሱው መስመር ነው። እጁን በእጁ ቆርጦታል።

በማግስቱ ሊቆጣት ሆስፒታል ሄደ። መንገድ ላይ የሚናገረውን አሰናድቶ ነበር። ክፍሉ ሲገባ ግን እናቷ ብድግ ብለው የነበረችውን አንዲት ወንበር ለቀቁለት፤ እንቢ ቢል «በሞቴ ተቀመጥ» አሉት። ተቀምጦ መጮህ ደግሞ አይመችም።

«ማን ተከተይኝ አለሽ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማንም። ግን ሰው ሁሉ ሲንሸራተት እርስዎ ብቻ አይንሸራተቱም። ሌላ ማንን ልከተል?» ክንዷ ከደረቷ ጋር ታስሯል። «ዘጠኝ ዙር ሠርቶልኛል። መጨረሻው ላይ ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝ። ከትናንት ጀምሮ የማስበው እሱን ብቻ ነው።»

አላውቅም ሊላት ነበር። የዝናብ አነዳዱ ምስጢር ለእህቱ ባል እንኳ ነግሮት የማያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን መኪናዋ እንዴት እንደዞረች ትናንት ካዩት ሰዎች ከሰማ ጀምሮ ስህተቱ እንደ ጥርስ ሕመም እየነዘነዘው ነበር።

«ፍሬን ይዘሽ ነበራ!» አለ። ብርድ ልብሱ ላይ በጣቱ ኩርባ ሠራ። «ይኼውልሽ። ሁሉም የሚሄድበት መስመር ላይ የጎማ ላስቲክ ይለጠፋል፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። የውጭው አስፋልት ሻካራ ነው። ይኼን ማንም ያውቃል። ግን ወደ ውጭ ለመውጣት ሳሙናውን ትሻገሪያለሽ፤ ለመመለስም እንደገና። ስትሻገሪ እግርሽ ባዶ! ፍሬን የለ፣ ነዳጅ የለ፣ መሪው ቀጥ። ሦስት እስክትቆጥሪ መኪናዋን ለራሷ ተዪያት።»

«እግር ባዶ?» አለ ሌላ ድምፅ።

መርፌ ብርቱካን የያዘ ከረጢት አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል። ዳክዬ አፉን ከደነ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

መርፌ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። «ያን ካፊያ ቀን» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ፍሬን ይዤ ነበር የገባሁት። መኪናዋ ወደ አንተ የሄደችው በራሷ ነው። አልገፋሁህም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለምን እንደተንሸራተትኩ አላወቅኩማ!»

የልጅቷ እናት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዳክዬ አልሳቀም። አስራ አንድ ዓመት የተሸከመው ቂም ከሥሩ ተነቅሎበት፣ በምትኩ የሚይዘው አጣ። ይቅርታ ማለት አልመጣለትም፤ መስደብም አልመጣለትም። የተላጠ ብርቱካን ሲሰጡት «አልበላም» ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ መብላት ነበረብኝ ብሎ ተናደደ።

በተከታዩ ዓመት ሦስተኛው ውድድር ላይ ዘነበ። በሁለተኛው ዙር ዳክዬ ወደ ውጭው መስመር ሲወጣ፣ ከፊቱ መርፌ፣ ከመርፌ ፊት የጥርስ ሐኪሟ እዚያው መስመር ላይ አሉ። ሁለቱንም ሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ አንጀቱ እስኪርስ ሰደበ። ከኋላ ቢሞክር፣ ከጎን ቢሞክር አልሆነም፤ የቀይዋ ሞተር ያው ደካማ ነው። ሐኪሟ አንደኛ፣ መርፌ ሁለተኛ፣ እሱ ሦስተኛ ወጡ።

መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። ሐኪሟ በዝናቡ ሮጣ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት፣ እሱ ቀድሞ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ላይኛው ኩርባ ላይ ማርሽ ቶሎ ትቀንሻለሽ» አላትና መልሶ ዘጋው።