የይሻው አገጭ

ማዕዘኑን ይዛ ብትስብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ኮምፒውተር ላይ ማዕዘኑን ይዘሽ ስትስቢ ፎቶው ቁመቱም ወርዱም እኩል ያድጋል፣ ይህን እኮ እመቤት ታውቃለች፣ ለሌላ ሰው አስተምራለች፣ ጎኑን ብቻ ከሳብሽ ፊት እንደ ሊጥ ይዘረጋል ብላ በአፏ ተናግራለች፣ ታዲያ የዚያን ቀን እጇን ምን ነካው። ምንም አልነካውም። አውቃ ነው።

አውቃ ነው፣ ለክፋት ግን አይደለም፣ ይሻው በአንበሳሜ መንገድ የሚነዳው አይሱዙ ተገልብጦበት የሞተ ዕለት ነው፣ ጓደኞቹ ለለቅሶው ባነር ይሠራ ብለው ጉርድ ፎቶውን ይዘው ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ገቡ፣ ሌላ ፎቶ የለውም፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙላቴ ከኋላዋ ቆመው፣ አንቺ ልጅ ባነሩ ላይ ያለውን የፎቶ ሳጥን ሙዪው እንጂ፣ ግራ ቀኙ ባዶ ሆኖ ሰው ይሳቅብን እንዴ፣ አሏት፣ ሳጥኑ ወደ ጎን ሰፊ ነው፣ የይሻው ፊት ረጅም ነው፣ በማዕዘኑ አሳድጋ ሳጥኑን ስትሞላው ፀጉሩና አገጩ ከሳጥኑ ውጭ ቀሩ። መቆረጥ አለበት። እንዴት ትቁረጠው፣ አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም፣ ጧት ጧት መኪናውን ሲያሞቅ በበሩ አጮልቆ፣ ታይፒስት፣ ዛሬም አኮረፍሽ፣ ይላት የነበረ ልጅ፣ በሞተበት ቀን አገጩን ትቁረጥ? ፎቶውን ወደ ቀድሞ መጠኑ መለሰችው፣ ጎኑን ያዘች፣ ሳበች። ሰፋ። ሞላ። ጎበዝ፣ አሉ ጋሽ ሙላቴ።

ባነሩ ለቅሶው ላይ ሲዘረጋ አብሮ አደጉ አያሌው እንባውን በክንዱ እየጠረገ፣ አንተ ቀጮ፣ ሞተህ ነው እንዴ የወፈርከው፣ አለ፣ ሰው በለቅሶው መሀል ሳቀ፣ እመቤት ከሴቶቹ ኋላ ተሸሸገች፣ ዝናቡም መጣ፣ እናቱ እትዬ ፈንታነሽ ጉርዱን ፎቶ ከፍ አድርገው ሙሾ ሲያወርዱ ወረቀቱ በእጃቸው ረሰረሰ፣ ቀለሙ ለቀቀ፣ ማንም ልብ አላለም። ከዚያ ወዲህ ያላቸው ባነሩ ነው። ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል፣ ሲነሱ ይስሙታል፣ ሲተኙ ይስሙታል፣ እሷ የለጠጠችውን ጉንጭ ነው እኮ የሚስሙት።

ዛሬ እትዬ ፈንታነሽ ለአርባው በፍሬም የሚሆን ሊያሠሩ መጥተው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙላቴ ይፋግ ወርደዋል፣ እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ ታስተካክለዋለች፣ ያኔ ስካን ያደረገችው ጉርድ ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ደህና ነው፣ ሲያዩት ያውቁታል፣ እናት አይደሉ፣ ከፈተችው፣ ማዕዘኑን ይዛ ቀስ እያለች ታሳድጋለች፣ ያ ረጅም ፊት፣ ጎድጎድ ያለ ጉንጭ፣ ሹል አገጭ፣ ይሻው፣ በቃ እሱ ራሱ።

ይኸው እትዬ።

ማነው ይሄ፣ ልጄ?

ይሻው ነው እኮ።

እትዬ ፈንታነሽ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ እንደገና ጎንበስ፣ ምነው እንዲህ ከሳ፣ ልጄን የተራበ አስመሰልሽብኝ፣ ግድግዳዬ ላይ ያለውን አድርጊልኝ እንጂ እመዬ፣ አሁን መናገር ነው፣ አሁን ካልተናገረች መቼ፣ እትዬ፣ ያኛውን... ያኛውን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ አገጩን እንዳልቆርጠው ብዬ፣ ፊቱ እንደዚያ አልነበረም። ወጣላት። ይምቷት፣ ይርገሟት፣ ለሰፈሩ ይንገሩባት፣ ብቻ ልጃቸውን ይውሰዱት።

አይመቷትም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ያደርጋሉ፣ እጁ ከባድ ነው፣ ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም ልጄ፣ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያ ነው፣ ይሄኛው እምቢ አለኝ፣ አሁን እሱንም ልትወስጂብኝ ነው?

እመቤት ወደ ስክሪኑ ትዞራለች። ጎኑን ትይዛለች። ትስባለች። ጨምሪ ይላሉ እትዬ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ እእ፣ እዚያ ላይ ተይው፣ እሰይ፣ መጣልኝ፣ ይሻዬ፣ ጣታቸው የስክሪኑን መስታወት ይዳብሳል፣ እመቤት ማውዙን ለቅቃ ትቀመጣለች፣ ከስክሪኑ ውስጥ አንድ ሰፊ ፊት ያለው ጎልማሳ ያያታል፣ ይህን ሰው አይታው አታውቅም።