በድምፅ ብልጫ የተረታችው ሳተላይት

ሞርዌና ፔንግሊ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው ቤተ ሙከራችን አስራ አራት ዓመት የለፋችባት ሳተላይት በመጋቢት ወደ ህዋ መጠቀች። የሳተላይቷ ሥራ ሌሎች ሳተላይቶችን ማረም ነው። ምድርን ከሚቃኙ ሳተላይቶች ጋር በአንድ ሰዓት በአንድ በረሃ ላይ ታልፍና ከአሸዋው የሚንጸባረቀውን ብርሃን ትለካለች። የሌሎቹ ዓይን እዚያ ላይ ሲያረጅ ይስታል፤ እሷ ግን በየጊዜው ራሷን ስለምትፈትሽ አትስትም።

በግንቦት የመጀመሪያው ውጤት ደረሰ። ከእሷ ጋር የተመሳከሩት አስራ አንዱም ሳተላይቶች ስተዋል። ሞርዌና የሳተላይቶቹን ባለቤቶች ሰብስባ ቁጥሩን ስታሳያቸው ብስኩት የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ።

«የእኔ ሳተላይት በረሃውን አራት በመቶ አድምቃ ታያለች ነው የምትይኝ?» አሉ የሁሉም አንጋፋ ዶክተር ራምስደን። «ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አላለንም እኮ!»

«የሚያመሳክር አልነበረማ፣ ዶክተር።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ እኛ አስራ አንድ ነን፤ ያንቺዋ አንዲት ናት። ታዲያ የተሳሳተው ማን ይመስልሻል?»

«እርስ በርሳችሁም እኮ አትስማሙም!»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

ድምፅ ተሰጠ፤ አስራ አንድ ለአንድ። የሞርዌና ሳተላይት እንድትታረም ተወሰነ። በማን ቁጥር ትታረም የሚለው ግን ሊያደባድባቸው ደረሰ፤ አንዱማ «በረሃው ራሱ ይመርመርልን» አለ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ባለቤት የየራሱ ቁጥር ልክ ነው ተብሎ እንዲሰጠው ተስማሙ። ሞርዌና «ትክክል ነዎት» የሚል አስራ አንድ የምስክር ወረቀት አተመች፤ እኔ ምክትሏ ማኅተም መታሁበት።

«ይኼን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ዶክተር ራምስደን የኮታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው ስበው በእሳት አደጋ መውጫው በር ገቡ።

«ሞርዌና፣ በእኔና ባንቺ መካከል ይቅርና... እውነተኛው ቁጥር ስንት ነው?»

በፖስታ አሽጋ ሰጠቻቸው። ሐሙስ ዕለት ኮሪደሩ ላይ የቀሩትን አስሩን ባለቤቶች ተሰልፈው አገኘኋቸው፤ ምን ፈልጋችሁ ነው ብላቸው ሁሉም «መጸዳጃ ቤቱ ጠፍቶን ነው» አሉ።

በጥቅምቱ ስብሰባ የአስራ አንዱም ልኬት አንድም ቁጥር ካልቀየረችው ከእኛዋ ሳተላይት ጋር ልክክ አለ። ዶክተር ራምስደን ብድግ ብለው «አየሽ፣ ትንሽ ስንቆጣት ታረመች!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሞርዌና አንገቷን ደፍታ አመሰገነች። ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ግን ሳቋ አመለጣት። አግዳሚው ላይ እጥፍ ብላ ስትስቅ፣ እኔም እሷን እያየሁ ስስቅ፣ ሁለት ባቡር ጥሎን ሄደ።